ቀጋ ወይስ ሴራሚክ?

ግቢያችሁ ውስጥ ጽጌረዳ ካለ፣ ከችግኝ ሻጭ የገዛችሁት፣ ዘሩም ከውጭ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የራሳችን ጽጌረዳ ግን አለን፤ ቀጋ። በሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ ቁጥቋጦ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። ከሆለታና ከዝዋይ እየተጫነ ወደ ውጭ የሚላከው ጽጌረዳ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይሆናል፣ ይህ ያንገበግበኛል። ብዙዎቻችን ቀጋ ሲባል እሾሁ እንጂ ሽታው ትዝ አይለንም።

አበባው ነጭ ነው፤ አምስት ስስ ቅጠሎች፣ መሃሉ ላይ ቢጫ። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ሽታው ቀድሞ ይቀበላችኋል። ንቦችም አይጠፉም።

እኛ ቤት ግን ክርክር አስነስቷል። አጥሩ ሥር የቀረችንን ሁለት ሜትር አፈር ባለቤቴ ሴራሚክ አንጥፎ መኪና ሊያቆምባት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እናቴ ከደብረ ብርሃን ያመጣችልኝን ቀጋ ተክዬባታለሁ። «ልጁን ይወጋዋል» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሾሁ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፣ አንዴ ልብስ ከያዘ አይለቅም። ለዚህም ነው መተላለፊያ ዳር ሳይሆን አጥር ጥግ የሚተከለው። ጎረቤቶቻችን ለአጥር ሽቦ ያወጡትን ገንዘብ ሳስብ ግን እሾሁ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይመስለኝም።

መትከል ከፈለጋችሁ፣ ከፍሬው ይልቅ ቅርንጫፉ ይቀላል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚረዝም ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ከግማሽ በላዩን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ፀሐይ የሚያገኝበትና ውኃ የማይተኛበት ቦታ ይሁን። ሁሉም አይጸድቅም፤ አራት አምስት ትከሉ። ደጋ ተክል ስለሆነ የአዲስ አበባ አየር ይስማማዋል። ከተለቀቀ ግን ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፤ አበባው ሲያልፍ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ከርክሙት።

ፍሬው ሲበስል ይቀላል። እናቴ ልጅ ሳለች ከብት ስትጠብቅ የምትበላው እሱን ነበር። አሁን ለልጄ ውስጡን ፍቃ ታቀምሰዋለች፤ ፍሬዎቹን የከበበው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ሥጋው ብቻ ነው የሚበላው። እሱም «አያቴ፣ ጨምሪልኝ» ማለት ጀምሯል፤ ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ዝም ይላል።

የሴራሚኩን ነገር መስከረም ላይ እንነጋገራለን ብለናል። እስከዚያ መኪናው ውጭ ያድራል።