ከሰዓቱ ግንብ ሥር

አንባቢ ሆይ! ፓሪስ ስትገባ «ጋር ደ ልዮን» በሚባለው የባቡር ጣቢያ ካለው የሰዓት ግንብ ሥር ቁም። «ላ ጋር» ጣቢያ ማለት መሆኑን ከአዲስ አበባው ለገሃር ስም ታውቀዋለህ።

ሰዓት ለመጠየቅ ሦስት መንገድ አለ። በተራ ጨዋታ «ቩ ዛቬ ለር?» ብለህ መጨረሻ ላይ ድምፅህን ከፍ ማድረግ ይበቃል። በፊቱ «ኤስ ከ» ብትጨምር የቃላቱ ተራ ሳይለወጥ ጥያቄ ይሆናል። ግሡን አስቀድመህ «አቬ ቩ ለር?» ብትል ደግሞ የጨዋ አነጋገር ነው።

እኔ ግን ሰላምታውን ረስቼ አንድ ሽማግሌ «ቱ አ ለር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቱ» አንተ፣ «ቩ» እርስዎ ነውና፣ ሽማግሌው ሳይመልሱልኝ በጣታቸው ወደ ግንቡ አመለከቱኝ። ስለዚህ አንተ ከሁሉ በፊት «ቦንዡር፣ ሙሴ» በል።