ኮሚቴ ሁን የተባለ ሰው

ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ውስጥ አንድ ፓርቲ የቀበሌ ኮሚቴ ሲያዋቅር አስቀድሞ የሚፈለገው ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ነው። ጽሕፈቱ የሚነበብ፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ፣ ቤቱ ስድስት ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ። ዕጣው ብዙ ጊዜ መምህር ላይ ይወድቃል። መምህሩ «ኧረ ተዉኝ፣ ልጆች አሉኝ» ይላል፤ ከጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ «ለልጆችህ ብለን ነው እኮ» ይሉታል፤ ይጨበጨባል፤ አለቀ። እንዲህ ተለምኖ የገባ ሰው ራሱ ተሽቀዳድሞ ከገባው ይልቅ ረጅም ጊዜ ሲያገለግል አይቻለሁ። ሹመት ፈልጎ የገባው ሹመቱ ሲዘገይበት ይሄዳል፤ ተለምኖ የገባው የለመኑትን ፊት ያፍራል።

*

የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የዞን ስብሰባ ሲጠራ በአቀስታ በኩል ደጋውን አቋርጦ ደሴ መግባት፣ ማደር፣ መመለስ ነው። መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ የሞባይል ካርዱ፣ ፎቶ ኮፒው ከራስ ኪስ ይወጣል። ገበሬ ከሆነ ሳይታረስ የዋለ ማሳ አለ፤ መምህር ከሆነ ያልታረመ የፈተና ወረቀት አለ። የአባላት መዋጮ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ታች የሚመጣው በአብዛኛው መመሪያ ነው። የዚህን ሁሉ ወጪ ትክክለኛ ሒሳብ የምታውቀው ሚስት ናት። አንድም ፓርቲ እሷን ቁጭ አድርጎ ሲጠይቃት አላየሁም፤ መጠየቅ ነበረበት።

*

ገጠሩን በኮሚቴ ያደራጀው የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። በትንሹ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ገበሬው ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ መምረጥ ለመደ። የመጀመሪያዎቹ ኮሚቴዎች መሬት ያከፋፈሉ ናቸውና ብዙ ምርቃት አግኝተዋል፤ ጭሰኛ የነበረ ሰው ስማቸውን በክብር ያነሣ ነበር።

ምርቃቱ አልቆየም። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ፤ ከየማኅበሩ ይህን ያህል ወጣት ይቅረብ ተባለ። ኢሠፓ መስከረም 2 ቀን 1977 ሲመሠረት ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር። ወዲያው ሠፈራው መጣ፤ ወደ 600 ሺህ ከሚጠጋው ተጓዥ ከግማሽ በላይ ወሎዬ ነው። ኮታው ከላይ ይመጣል፣ ስሙን የሚጽፈው ግን ጎረቤት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሹም የማንንም ልጅ ስም አያውቅም፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁሉንም ያውቃል፣ እናቲቱን ያውቃል፣ ክርስትናው ላይ ወይም ሰደቃው ላይ በልቷል። ዝርዝሩን እሱ ይጽፋል፤ ልጁ ሳይመለስ ሲቀር እናትዮዋ የምታስበው የሚኒስትሩን ስም አይደለም።

*

ለዚህ ሥራ የተከፈለው ዋጋ ቆይቶ መጣ። በ1989 በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ወጣላቸው። ሌላው ገበሬ እስከ ሦስት ሄክታር ሲፈቀድለት እነሱ ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። ከመካከላቸው በሥልጣኑ የተጠቀመ ነበረበት፤ የዘረፈም ያስገረፈም ነበረበት። ነገር ግን ጽሕፈት በመቻሉ ብቻ ተጎትቶ ጸሐፊ የሆነም ነበረበት፤ ሁለቱ በአንድ ገመድ ተለኩ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ስለ እነሱ ሰልፍ ወጥቷል።

ሽግሽጉ በተለይ ጎጃምንና ሰሜን ሸዋን አናወጠ። ጎጃምን ከቦረና የሚለየው የአባይ በረሃ ነው፤ ወሬ ደግሞ በረሃ አያግደውም። ዛሬም አባት ልጁን «ኮሚቴ እንዳትገባ» ሲል ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ያ አባት ፖለቲካ የማይገባው ሰው አይደለም፤ በመሬት የተከፈለበትን ፖለቲካ በዓይኑ ያየ ነው። የፓርቲ አደራጆች ይህን ሰው «ንቃት የጎደለው» ብለው በሪፖርት ሲጽፉት ያናድደኛል።

*

የ1997 ምርጫ ኢሕአዴግን አስደነገጠው፤ ከ547 የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ብቻውን 109 ይዞ ነበር። በተከተለው የ2000 የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 ከፍ ተደረገ። ተቃዋሚ ፓርቲ ለእያንዳንዱ ቀበሌ 300 እጩ ከየት ያመጣል? በ2005 በተካሄደው ቀጣዩ ምርጫ ከ3.6 ሚሊዮን መቀመጫ ከአምስቱ በቀር ሁሉም የገዢው ፓርቲ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቀበሌና በወረዳ ደረጃ ምርጫ አልተደረገም።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ የፖለቲካ ክርክር ላይ ሲነሣ ብዙም አልሰማም። ለመካነ ሰላም ሰው ግን ከፓርላማው ይልቅ ይህ ይቀርበዋል። የመሬት ክርክሩ፣ የማዳበሪያው ተራ፣ የመታወቂያው ማኅተም ያለው ቀበሌ ነው። ለቀበሌ የማይወዳደር ፓርቲ በቀበሌ ውስጥ ኮሚቴ ሲያቋቁም ለኮሚቴው የሚሰጠው ሥራ ያጣል። በየአምስት ዓመቱ ፖስተር ከመለጠፍና በዕለቱ ወኪል ሆኖ ከመቀመጥ ያለፈ ምን ይሥራ?

*

አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በሰፈነበት ጊዜ አንድ ሰው ስንት ቆብ እንደሚደፋ ቆጥሬ አውቃለሁ። የፓርቲ ሕዋስ ሰብሳቢ፣ የልማት ቡድን መሪ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አስመላሽ፣ በዚያ ላይ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሚመለምለው ኮሚቴ አባል። ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር የደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ እህሉም ብሩም ሕይወት አትርፏል። አሠራሩም ድሃውን ጎረቤቱ ይለየዋል የሚል ነው፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው።

የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሴፍቲኔቱን ስም ዝርዝር የያዘው እጅ የፓርቲውንም መዝገብ ሲይዝ፣ ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ፣ ባልቴቷ ቅን ነው ብላ አታምንም። «ስብሰባ ቀርቼ ነው የተሰረዝኩት» ትላለች። ምናልባት የተሰረዘችው ኮታው ስለቀነሰ ይሆናል። ማን ያስረዳታል? ለእኔ የፓርቲ በጎ ፈቃድ ሥራ የሚጀምረው ይህ ዝርዝር ከኮሚቴው እጅ ሲወጣ ነው። ለጎረቤቱ የሚሰጠውም የሚነፍገውም ነገር የሌለው ሰው ስለ ፓርቲው ሲያወራ ጎረቤቱ ሳይፈራ ያዳምጠዋል፣ ሳይፈራም ይከራከረዋል። ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግም ይባል ብልጽግና፣ ነገ ደግሞ ሌላ ስም ይምጣ፣ ይህን ካልለየ በታች ያለው አባሉ በጎ ፈቃደኛ ሊባል አይችልም።

*

ወሎ ኮሚቴ መምራት አያውቅም የሚል ካለ የወሎን እድር፣ ቅሬን ይመልከት። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀብራል። የቅሬ ዳኛ ደሞዝ የለውም፤ ሌሊት ጥሪ ሲመጣ ይነሣል፣ መቃብር ቆፋሪ ይመድባል፣ ያልመጣውን ይቀጣል። ቅጣቱን የተቀጣው ሰው ይከፍላል፤ ምክንያቱም ነገ የቅሬ ዳኛው ራሱ ቢቀር በዚያው ሕግ ይቀጣል። ዳኛው ሲደክመው «በቃኝ፣ ሌላ ሰው ተኩ» ይላል፣ ተመርቆ ይወርዳል፣ ከሚቀጥለው ቀብር ላይ እንደማንኛውም ሰው አፈር ይመልሳል። ማንም «ከዳን» አይለውም።

ሰባኪውም ሼሁም በቅሬው መዝገብ አንድ ላይ ሰፍረዋል። ፓርቲዎቻችን ይህን የመሰለ መዝገብ ገና አላገኙም።

*

ሴቶቹን ላንሣ። ሴት የሌለበት ኮሚቴ ለሪፖርት አይመችምና አንዲት ሴት ትገባለች፤ ድርሻዋም «የሴቶች ጉዳይ» ነው። አንድ ስብሰባ ላይ የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዋ ቡናውን ታፈላ ነበር። ሦስተኛው ሲወርድ ስለ ወፍጮ ቤቱ ርቀት ተነሣ፤ ወንዶቹ ስለ ብሔራዊ መግባባት ሲናገሩ ቆይተው ጸጥ አሉ። እሷ በምን ያህል ሰዓት ደርሳ እንደምትመለስ፣ የትኛው ወንዝ ክረምት ላይ እንደሚሞላ፣ የትኛዋ ጎረቤቷ እርጉዝ ሆና እህል ተሸክማ እንደወደቀች ከጀበናው አጠገብ ሳትነሣ ተናገረች። በዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ለወረዳ የሚጠቅም ነገር ያለው ያ አንቀጽ ብቻ ነው። በዚያን ቀን ቡናውን ሌላ ሰው ቢያፈላ ኖሮ ስንት አንቀጽ ይኖር ነበር?

*

ሰኔ 14 ቀን 2013። ከመካነ ሰላም ወጣ ካለ የምርጫ ጣቢያ ወኪል ሆኖ የዋለ አንድ ገበሬ እንዳወጋኝ ነው የምጽፈው። ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ደርቦ፣ ቆሎ በኪሱ፣ ደብተር በላስቲክ ጠቅልሎ ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠው የገዢው ፓርቲ ወኪል የሚስቱ ወንድም ነው። ቀኑን ሙሉ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ዋሉ፤ ቆሎውን ተካፈሉ። ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል የተባለው ድምፅ አሰጣጥ እስከ 3 ሰዓት ተራዘመ። ከዚያ ቆጠራ። የምርጫ አስፈጻሚዋ እያንዳንዱን ወረቀት ገልጣ፣ ለሁሉም አሳይታ፣ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ በደብተሩ አራት ቁም ጭረት አድርጎ በአምስተኛው ያሰርበታል። አንድ ወረቀት ላይ ምልክቱ በሁለት ሳጥን መሐል አርፎ ነበር። ሁለቱ ወኪሎች ተከራከሩ፣ መብራቱን አስጠጉ፣ በመጨረሻ ዋጋ አልባ ይሁን ብለው ተስማሙ። ቅጹ ላይ ሁለቱም ፈረሙ፤ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ።

የሱ ፓርቲ ተሸነፈ። በክልሉ በተቃዋሚነት የተሻለ የሠራው አብን እንኳ ለፓርላማ ያገኘው አምስት ወንበር ነው፤ አንድ ድምፅ የበለጠው ሁሉን በሚወስድበት ሥርዓት የሁለተኛው ድምፅ ወንበር አይሆንም። «ታዲያ ምን አተረፍክ?» አልኩት። «የሰፈሬን ቁጥር እኔ ራሴ ቆጥሬ አውቀዋለሁ» አለኝ። ይህን ሰው አከብረዋለሁ፤ የሚስቱንም ወንድም። በዚያ ሌሊት በዚያ ክፍል የተሠራው ሥራ ከብዙ መግለጫ ይልቅ ለአገር ይጠቅማል።

*

አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮን በመሰሉ ግዛቶች የሰፈር የፓርቲ ኮሚቴ አባል የሚሆነውን የሰፈሩ የፓርቲው መራጮች ራሳቸው በድምፅ ይመርጡታል፤ ደሞዝ የለውም፣ ስሙ ግን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ይወጣል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ የሚጀምረው በፊርማ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት እንዲያሰባስብ ይጠይቃል። የቀድሞው አዋጅ ይጠይቅ የነበረው 1,500 እና 750 ነበር። ቁጥሩን ለመሙላት ፓርቲዎች ወደ ገጠር ወርደው ፊርማ ሰበሰቡ። ፊርማው ሲሞላ መንገዳቸው የጠፋባቸው ጥቂት አይደሉም። ፈራሚው ገበሬ ግን ስሙ በወረቀት ላይ ቀርቷል፣ የመታወቂያ ቁጥሩም እንዲሁ፣ በአካባቢውም «የእነሱ ሰው» ተብሏል። አንድ ፓርቲ ከሰው ፊርማ ወስዶ ተመልሶ አለመምጣቱ ትልቅ በደል ነው እላለሁ።

*

ሚያዝያ 19 ቀን 2015 የአማራ ክልል ብልጽግና ኃላፊ የነበሩት ግርማ የሺጥላ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ተገደሉ። ሐምሌ 28 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለከፍተኛ ሹም ቢያንስ ጠባቂ ይመደባል። ኮረብታ ላይ ባለ ቀበሌ ውስጥ ያለው ኮሚቴ ግን በሩ የእንጨት ነው፣ ማታ ማታ ሁለት ዓይነት የታጠቀ ሰው ያንኳኳበታል። አንዱ «ለምን ሠራህ» ይለዋል፣ ሌላው «ለምን አቆምክ»። በዚህ መሐል ቤተሰቡን ይዞ ደሴ የገባ፣ ወይም ዝም ብሎ ማሳው ላይ የዋለ ሰው ፈሪ መባል የለበትም።

*

በየፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ስለ አባልነት መብትና ግዴታ፣ ስለ ዲሲፕሊን፣ ስለ ማባረር ረጅም አንቀጽ አለ። ስለ መሰናበት ያለው አጭር ነው፣ ካለም። አንድ የማውቀው መምህር ኮሚቴነቱን ሊተው ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን የሚቀበለው አጣ፤ ሰብሳቢው «አስብበት» አለው፣ ወረዳው «ሰብሳቢህን ጠይቅ» አለው። ቃለ ጉባኤውን፣ ማኅተሙን፣ የአባላቱን መዝገብ በፌስታል ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። የፈለገው «ተረክበናል፣ ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊነት የለበትም» የሚል አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፤ ከአባቱ የሰማው የ1989 ነገር አለ፣ ነገ የሚጠይቀው ቢመጣ የሚያሳየው ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ወረቀት የመስጠት ግዴታ በየፓርቲው ደንብ ውስጥ ይግባ። ገዢው ፓርቲም ተቃዋሚውም መዝገቡን የሚረከብ ሰው በስም ይመድብ፣ የርክክቡ ቅጂ ለተሰናባቹ ይሰጥ፣ የተሰናበተ ሰው ስም ከአባላት ዝርዝር የሚወጣበት ቀን ይወሰን። ምርጫ ቦርድ የፓርቲዎችን ደንብ ሲመረምር ይህ አንቀጽ መኖሩን ቢያይ መልካም ነው። መምህሩ ወረቀቱን እስካሁን አላገኘም፤ መዝገቡም ቤቱ ነው ያለው።