ወደ ቢሾፍቱ በቢስክሌት ሄዶ በደኅና ስለ መመለስ

መንገድ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው መሄዱን ሳይሆን መመለሱን ነው። አባቶቻችን በቅሎ ጭነው ወደ ሩቅ አገር ሲነሡ የበቅሎይቱን ሰኮና፥ የኮርቻውን ጠፍር፥ የስንቁንም ልክ አንድ ባንድ ይመረምሩ ነበር። ይህን ማድረጋቸው ከደጃፋቸው ለመውጣት ብለው አልነበረም፤ በጤና ተመልሰው ለመግባት ነበር እንጂ። በቢስክሌት የሚጓዝ ሰውም ይህንኑ ልማድ ቢከተል ይጠቀማል።

ቢስክሌት የልጆች መጫወቻ ነው እንጂ ለማዕርግ ሰው አይገባም የሚል አሳብ በአንዳንድ ሰው ዘንድ አለ። ይህ አሳብ ለእኛ ትክክል አይመስለንም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋራ ቢስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ከነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ በረዥሙ የጐዳና ውድድር 24ኛ ሆኖ ፈጽሟል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ለመቅደም ስለሚሽቀዳደም ሰው አይደለም፤ ከቤተ ሰቡ ጋራ አገር ለማየት ስለሚጓዝ ሰው ነው።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው መኪና ከጐዳና የሚከለከልበት ቀን ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረውም የኮሪደር ልማት በብዙ ጐዳና ዳር ለቢስክሌት የተለየ መተላለፊያ ተበጀ። ስለዚህ የከተማው ሰው መለማመጃ ስፍራ አግኝቷል። በከተማ የለመደ ሰው ደግሞ ከከተማ ውጭ ያለውን አገር ለማየት መመኘቱ አይቀርም። ለዚህ ለመጀመሪያው ጕዞ ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል ወደ ነበረችው ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን መንገድ መርጠናል።

መንገዱ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በሳሪስ፥ በቃሊቲ፥ በአቃቂ፥ በገላንና በዱከም በኩል ቢሾፍቱ እስኪደርስ 45 ኪሎሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ቢሾፍቱ ያለችው በ1,900 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚህም እዚያም ጥቂት ዳገት ቢያጋጥም መንገዱ በጠቅላላው ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጀማሪው ሰው ሳይደክመው ይገሠግሣል፤ ጕልበቱም ከጠበቀው በላይ የበረታ ይመስለዋል። ነገር ግን ቍልቍለት ብድር ነው፤ ሲሄዱ የተቀበሉትን ሲመለሱ በዳገት ይከፍሉታል። የዕቃው ምርጫም፥ የሰዓቱም አቈጣጠር፥ የጓደኛውም አሰላለፍ በዚህ ብድር ልክ ሊሰናዳ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ቢስክሌቱ ለነጂው ቁመት የተስማማ ይሁን። ከኮርቻው ወርደው ሁለቱን እግር መሬት አስረግጠው ሲቆሙ የላይኛው ብረት ሰውነትን ሊነካ አይገባም፤ ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኑረው። የኮርቻው ከፍታ የሚለካው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ተቀምጠው ተረከዝዎን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያኖሩ እግርዎ ቀጥ ቢል ልኩ ይህ ነው። በሚነዱበት ጊዜ በእግር መዳፍ ፊተኛ ክፍል ስለሚረገጥ ጕልበት ጥቂት ይታጠፋል። ኮርቻው ዝቅ ያለበት ሰው ዳገት ላይ ጕልበቱን ያመዋል፤ ከልክ በላይ ከፍ ያለበትም ወገቡ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። ለልጅ ልብስ ሲገዛ «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ ያለ ይመረጣል፤ ቢስክሌት ግን እንደዚህ አይገዛም። እግሩ መሬት የማይደርስለት ልጅ መቆም በሚገባው ሰዓት መቆም አይችልምና።

ሁለተኛው ነገር ልጓሙ ነው፤ ይኸውም ፍሬን የሚባለው ነው። የፊተኛው ፍሬን ከኋለኛው ይልቅ የማቆም ኀይል አለው፤ ነገር ግን በድንገት በሙሉ ኀይል ቢጨብጡት ነጂውን በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ባንድነት፥ ሰውነትን ጥቂት ወደ ኋላ አድርጎ፥ በዝግታ መጨበጥ ይገባል። በረዥም ቍልቍለት ፍሬኑን ሳይለቁ መያዝ ብረቱን ያግለዋል፤ የመንኰራኵሩን ከንፈር ጨብጦ በሚያቆም ፍሬን ከሆነ ግለቱ የውስጡን ጐማ እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ያዝ ለቀቅ፥ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ይሻላል። መንገዱ በዝናም የረጠበ እንደ ሆነ ቢስክሌቱ ለመቆም ከወትሮው ይልቅ ረዥም ቦታ ይፈልጋልና ይህንንም ማሰብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ማርሽ ነው። የፊተኛው ጥርስ 48፥ የኋለኛው 16 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው መንኰራኵር ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ቢስክሌቱም ከ6 ሜትር በላይ ይራመዳል። የፊተኛው 34፥ የኋለኛውም 34 ቢሆን ግን መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ 2 ሜትር ያህል ይራመዳል። ያኛው ለሜዳና ለቍልቍለት፥ ይኸኛው ለዳገት ይሆናል። ቢስክሌት ሲገዙ ሻጩ በብዛት የሚያመሰግነው የሚያፈጥነውን ማርሽ ነው፤ ወደ ቤት የሚመልሰው ግን ትንሹ ማርሽ መሆኑን ገዢው አይርሳ። ማርሹም የሚለወጠው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ጕልበት ካለቀ በኋላ በግድ ቢለውጡት ሰንሰለቱ ይወልቃል።

ጐማው ከ32 እስከ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቢሆን አስፋልቱንም የተቈፈረውንም ስፍራ ይችላል። የነፋሱ ልክ በጐማው ጐን ላይ ተጽፎ ይገኛልና ከተጻፈው አይለፍ፤ የሰውና የዕቃ ክብደት የሚያርፈው በኋለኛው ላይ ስለ ሆነ እርሱ ከፊተኛው ጥቂት ጠንከር ይበል። ለመንገድ የሚያዘው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ አንድ ትርፍ የውስጥ ጐማ፥ ልጣፍና ማጣበቂያ፥ ጐማ ማውለቂያ፥ መንፊያ፥ ለብሎኖቹ የሚሆን ቍልፍ። ጐማ ተወግቶ የተለወጠ እንደ ሆነ አዲሱን ከማግባት በፊት የውጭውን ጐማ ውስጥ በጥንቃቄ በጣት መዳሰስ ይገባል፤ የወጋው እሾህ ወይም ሽቦ እዚያው ተሰክቶ ቢቀር ሁለተኛውንም ይወጋልና። ይህን ሥራ በቤት ሳሉ ሁለት ጊዜ ያህል መለማመድ በመንገድ ዳር ከመጨነቅ ያድናል።

ዕቃ በጀርባ ማዘል ወገብ ያደክማል፤ በመሪው ላይ ማንጠልጠልም አደጋ ያመጣል። በኋለኛው መጫኛ ላይ፥ በግራና በቀኝ ተመዛዝኖ፥ ዝቅ ብሎ ይጫን። በቅሎ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ጭነት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ምን እንደሚያስከትል ነጋሪ አያስፈልገውም። ወይዛዝርት ደግሞ የነጠላ ጫፍና የቀሚስ ዘርፍ በሰንሰለቱና በመንኰራኵሩ እንዳይያዝ፥ ሰንሰለቱ ክዳን ያለው፥ የላይኛው ብረቱም ዝቅ ያለ ቢስክሌት ቢመርጡ ይመቻቸዋል። የራስ ቍር ሳያደርግ ከቤተ ሰቡ ማንም አይነሣ፤ እርሱም ግንባርን ሸፍኖ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይቀመጥ፤ ማሰሪያውም ከአገጭ በታች ይታሰር። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባርን የገለጠ የራስ ቍር ለጌጥ እንጂ ለጥበቃ አይሆንም።

ስለ ስንቅ ሩቅ መፈለግ አያሻም። በሶ፥ ጭኮ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ምግብ ናቸው፤ ቀላልና የማይበላሹ ሆነው ኀይል ይሰጣሉ። ውሃ ለአንድ ሰው በየሰዓቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይታሰብ፤ መጠጣትም የሚገባው ጥም እስኪጸና ሳይጠብቁ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ደጋው አየር ቀዝቃዛ ቢመስልም ፀሓዩ ያቃጥላልና ክንድና አንገት ይሸፈኑ። የሚጾም ሰው እህል ሳይቀምስ ረፋዱን በሙሉ መንዳት አይገባውም፤ ጕዞውን ጾም ወዳልሆነበት ቀን ቢያዛውረው ከጾሙም ከጤናውም አይጐድልም።

ወራቱ ከመስቀል በኋላ ክረምቱ ሲያልፍ ይመረጥ። ሆኖም በመስከረም መጨረሻ ግድም በሆራ አርሰዲ የእሬቻ በዓል ሲከበር እጅግ ብዙ ሕዝብ በዚህ መንገድ ስለሚጐርፍ፥ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ያን ሰሞን መተው ይሻላል። ከመነሣትም በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው የአገሩን ሰው መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ልማድ ነው።

መነሻው ከጧቱ በ12 ሰዓት ተኩል ይሁን። በሰዓት 15 ኪሎሜትር ቢነዱ ለመንገዱ ሦስት ሰዓት፥ ለዕረፍት አንድ ሰዓት ጨምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ይደረሳል። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ለመኪና ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ ወደዚያ መግባት አይገባም፤ የቢስክሌቱ መንገድ አሮጌው ነው። በዚህ መንገድ ላይ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ይመላለሳሉ። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ቀኙን ይዞ በአንድ ረድፍ ይሂድ፤ ከፊት መንገዱን የሚያውቅ፥ ከኋላ ከሁሉ የበረታው፥ በመካከል ደካማው ይሁን። ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን በዚህ ጐዳና ፈጽሞ ባይነዳ እንመክራለን፤ እርሱ ከነቢስክሌቱ በመኪና ይሂድና ቢሾፍቱ ላይ ይጠብቅ። ውሻ ቢያባርር ለማምለጥ መሽቀዳደም ውሻውን ይበልጥ ያነሣሣዋል፤ ወርዶ ቢስክሌቱን በመካከል አድርጎ በእርጋታ መራመድ ይሻላል።

አቃቂን ካለፉ በኋላ አገሩ ይገለጣል። በግራ በኩል የረር፥ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ በራሱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት የዝቋላ ተራራ ይታያል፤ በጥቅምትና በኅዳርም የጤፉ ማሳ ዓይን ያጠግባል። ቢሾፍቱ ከተደረሰ በኋላ የቢሾፍቱ ሐይቅ፥ ሆራና ባቦጋያ እርስ በርሳቸው ስለማይራራቁ በቢስክሌት ከአንዱ ወደ አንዱ መሄድ ደስ ያሰኛል። እነዚህ ሐይቆች በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ የወጣ እሳት በፈነዳበት ጕድጓድ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የተፈጠሩ ናቸው። ዳርቻቸው ገደላማ የሆነውም ስለዚህ ነው። ለልጆች ይህን በዓይናቸው እያዩ መማር ከመጽሐፍ ይልቅ በልባቸው ይቀርላቸዋል። ወደ ውሃው ለመውረድ ግን ቢስክሌቱን ከላይ ትቶ በእግር መውረድ ይገባል።

እንግዲህ የብድሩ መክፈያ ደረሰ። ወደ ላይ ሲመለሱ በሰዓት 10 ኪሎሜትር ቢሄዱ አራት ሰዓት ተኩል ለመንገዱ፥ አንድ ሰዓት ተኩል ለዕረፍት፥ በጠቅላላው ስድስት ሰዓት ያስፈልጋል። በዚያው ቀን ልመለስ የሚል ሰው ፀሓይ በበረታበት በቀትር ይነሣል፤ ከተማው ሲቀርብና የመኪናው ብዛት ሲጨምር ደግሞ ቀኑ ይመሽበታል፤ የእርሱም ዓይን በድካም ይፈዛል። አደጋ የሚያገኘው ሰነፉን ብቻ አይደለም፤ ጠዋት በፍጥነቱ የተመካውን ብርቱም ያገኘዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ቢሾፍቱ አድሮ በማግሥቱ ከጧቱ በ12 ሰዓት ተኩል መነሣት ይገባል፤ በዚህም አቈጣጠር በ6 ሰዓት ተኩል ከቤት ይገባል። ነገሩ ከአሳብ ውጭ ቢዘገይም ከኋላ ቀይ፥ ከፊት ነጭ መብራት ሳይያዝ አይኬድ።

ከቤተ ሰቡ አንዱ የደከመ ወይም የታመመ እንደ ሆነ ቢስክሌቱን በመኪና ጣራ ላይ አስጭኖ መመለስ ነውር አይደለም። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በኪስ መያዝም እንደ ጐማው ልጣፍ ከመሣሪያ ይቈጠር። በቤተ ሰብ ጕዞ የመንገዱን ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉ ደካማው ነው እንጂ ከሁሉ ብርቱው አይደለም፤ አባት ልጆቹን ቀድሞ ቢሾፍቱ ቢደርስ ማንም አያመሰግነውም። ሁሉም በአንድነት ወጥተው በአንድነት የገቡ እንደ ሆነ ግን ጕዞው መልካም ነበር ይባላል፤ ልጆቹም ለሚቀጥለው ጕዞ ራሳቸው ቢስክሌታቸውን ሲወለውሉ ይገኛሉ።