ድሪቶ ከትከሻ እስከ ግድግዳ

«ጣፈ» የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ትርጉም ተሸክሞ የሚኖር ቢሆንም፣ ሁለቱ እኩል ክብር አላገኙም። በሸዋ አነጋገር «ጻፈ» ተለውጦ «ጣፈ» ይባላል፤ መጽሐፉም «መጣፍ» ሆኖ ይሳለሙታል፣ ይምሉበታል። ባረጀ ልብስ ቀዳዳ ላይ እራፊ፣ ማለትም ቁራጭ ጨርቅ፣ አኑሮ መስፋትም በዚያው ቃል ይጠራል፤ ይህኛው መጣፍ ግን ሊማልበት ቀርቶ በእንግዳ ፊት እንዲታይም አይፈለግም። «መጣጥፍ» የተባለው የጽሑፍ ዓይነት ከሁለቱ ከየትኛው እንደተወለደ የአንድምታ መምህር ቢጠየቅ፣ «አንድም ጻፈ፣ አንድም ለጠፈ» ብሎ ማንንም ሳያስቀይም ማለፉ አይቀርም፤ መጣጥፍ አዘውትሮ የሚያነብ ሰው ወደ ሁለተኛው ቢያዘነብልም አይፈረድበትም።

እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረበ፣ የመጀመሪያው ልብስ የትኛው እንደነበር መለየት ሲያቅት፣ የተገኘው ነገር ድሪቶ ይባላል። ቃሉ ዛሬ ከልብስነቱ ይልቅ በነቀፌታነቱ ይታወቃል፤ እርስ በርሱ የማይገጥም ንግግርም፣ ከየመጽሐፉ ተለቃቅሞ የተሰካካ ድርሰትም ድሪቶ ይባላል። ባሕታዊ ድሪቶ ለብሶ ሲከበር እንኳ ክብሩ የመጣው ዓለምን ንቆ የተናቀውን በመልበሱ እንጂ ከልብሱ አይደለም። ሌላው ዓለም «ኩዊልት» ብሎ በሙዚየም ግድግዳ የሚሰቅለውን ሥራ በአማርኛ ለመግለጽ የሚነሣ ጸሐፊ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው፤ የቅርቡ ቃል ስድብ ነውና።

የኩዊልት የዘር ሐረግ ሲመረመር ግን ከድሪቶ የተሻለ ጨዋነት አይገኝበትም። በአሜሪካ ጆርጂያ በባርነት የተወለዱት ሐሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ከጨርቅ እየቆረጡና እየለጠፉ የሠሩትን የአልጋ ልብስ እ.ኤ.አ. በ1886 ለትርኢት አቅርበውት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባቸው 10 ዶላር ጠይቀው በ5 ሸጡት፤ ያ ጨርቅ ዛሬ የስሚዝሶኒያን ተቋም ንብረት ነው። በአላባማ ጊስ ቤንድ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶችም ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ለብርድ መከላከያ የሰፏቸው ድርቦች እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቅለው ታይተዋል፤ በጉልበቱ ላይ የወየበው ሰማያዊ ሱሪም እንደ ዘመናዊ ሥዕል ተተነተነ። ልብሱን ያሳረጀው ገበሬ በትንታኔው ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንደተሰጠው መጠየቅ ይቻላል።

የኩዊልት አሠራር ሦስት ንጣፍ ይፈልጋል። ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው፣ የሚታየው ክፍል ነው፤ ሆዱ ሙቀት እንዲይዝ በመካከል የሚነጠፈው ጥጥ ወይም ሱፍ ነው፤ ጀርባው ሁለቱን የሚሸከመው ወጥ ጨርቅ ነው። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በመጀመሪያ በሰፊው ይወሰወሳሉ፣ ማለትም ኋላ በሚፈታ ረጅም ስፌት ይያያዛሉ፤ ከዚያም ከፊት እስከ ጀርባ በሚዘልቅ ጥቃቅን ስፌት ይጠቀማሉ። «ጠቀመ» የሚለው ግስ አንድም ሰፋ፣ አንድም ረባ ማለት ስለሆነ፣ አማርኛ ለዚህ ሥራ ስድብ ብቻ ሳይሆን ምስጋናም አስቀምጦለት እንደነበር ያሳያል፤ የተዘነጋው ግን ምስጋናው ነው። መደረቡም ቢሆን ለአገሩ ባዕድ አይደለም፤ ነጠላ ስሙ እንደሚናገረው ስስ ሲሆን፣ ጋቢ በአራት እጥፍ ተደርቦ ይሰፋል፤ ለኩዊልትነት የጎደለው ሆዱና የፊቱ ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ኩዊልት በአገር ውስጥ ይሞከር ቢባል፣ በሰሜን ሸዋ የአንኮበር ወረዳ ከተማ የሆነችውን ጎረቤላን ለሥራው ምቹ የሚያደርጋት በመጀመሪያ ብርዱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ተጉዞ፣ ደጋው ወደ ቆላው በገደል ከሚወርድበት ጠርዝ አጠገብ ለተቆረቆረ ከተማ ልብስ መደረብ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ከከተማዋ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የገብሱና የጤፉ ማሳ፣ እርከኑና የታረሰው ጥቁር መሬት የተጣጣፈ ጨርቅ መስሎ ይታያል፤ ይህን ምሳሌ የማይናገር መንገደኛ ስለሌለ፣ ከዚያ ለሚነሣ ሠሪ ማሳውን ትቶ ሌላ መፈለግ ይሻለዋል። ሌላውም ሩቅ አይደለም። በዚሁ ደጋ የመንዝ በግ ይረባል፤ ጠጉሩ ሻካራ ሲሆን ተሸልቶ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በሴቶች እንዝርት ተፈትሎ፣ በወንዶች እጅ ተሸምኖ ባና የተባለው ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ ይሆናል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ከበጉ የመጡ ቀለሞች በመሆናቸው ነካሪ አያስፈልጋቸውም። የደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ማብቂያ ከተቋቋመ በኋላም የእጅ ባና ከቤት አልጠፋም።

እነዚህን ሦስት ቀለሞች ቆርጦ ማገጣጠም ለምን የሰሜን ሸዋ ጥበብ እንዳልሆነ ሲጠየቅ፣ መልሱ ከችሎታ ማነስ ጋር የሚያያዝ አይመስልም። ከአክርማና ከሰንደዶ ሞሰብ የሚሰፉት ሴቶች ቀለምን በቀለም ላይ ሲያዞሩ፣ አንዲት ነጥብ ሳይስቱ ክቡን የሚዘጉ ናቸው፤ ሥራውም «ስፌት» ይባላል፤ ሙያ ያላት ሴት የምትመሰገንበት ነው። መርፌና ወስፌ እኅትማማች ሲሆኑ አንዷ የተከበረችው፣ ሌላዋ የተዋረደችው ሞሰብ ከአዲስ ሣር ስለሚሰፋና ድሪቶ ካለቀ ልብስ ስለሚሠራ ነው። ጨዋ ጥገና ራሱን የሚደብቅ ነው፤ ክሩ ከጨርቁ ቀለም ይመረጣል፣ እራፊው ከውስጥ ይገባል፣ ሲያልቅም እንዳልተቀደደ ይመስላል። የኩዊልት ጥበብ የሚጠይቀው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ፣ ማለትም መጋጠሚያው ራሱ መስመር ሆኖ እንዲታይ ነው፤ ጉድለቱን ለጎረቤት ዓይን አስጥቶ የማያውቅ ቤት ይህን በቀላሉ አይቀበለውም።

መገጣጠምን ያከበረ ሰው ግን ከዚያው አካባቢ ወጥቷል። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ለተመረቀው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ የአህጉሩን ያለፈ፣ የዛሬና የወደፊት ዘመን በ150 ካሬ ሜትር የብርጭቆ መስኮት ላይ ቀርጸዋል። በዚያ ሥራ ባለቀለሙ ቁራጭ ከቁራጭ ጋር ይጋጠማል፤ በመካከል ያለው ጥቁር መስመርም እንደ ስፌት ሆኖ ምስሉን ይይዛል። ሥራው ከጨርቅ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለዱት ኤልያስ ስሜ ወደ ጨርቁ ይበልጥ ቀርበዋል፤ መጀመሪያ በክርና በአዝራር፣ ኋላም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚገዙት ሽቦና የኮምፒውተር ቁርጥራጭ ሰፋፊ ሥራዎችን እየገጣጠሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ለቬኒስ ቢየናሌ በቅተዋል። ምናለሽ ተራ ስሙ ጥያቄ የሆነ ገበያ ነው፤ የሌላው ቤት ውራጅ ሁሉ መልስ ይሆንለታል።

ኩዊልትን በባና ለሚሞክር ሠሪ ቁሱ ከጥጥ የተለየ ጠባይ አለው። በሙቅ ውኃ ታሽቶ የጠበበ ሱፍ ጠርዙ በቀላሉ አይተረተርም፤ ስለዚህ እንደ ጥጥ ጠርዙን ወደ ውስጥ ማጠፍ ሳያስፈልግ ጎን ለጎን አስጠግቶ፣ ወይም አንዱን በሌላው ላይ ለጥፎ መስፋት ይቻላል። ውፍረቱ ሆድ ስለማያስፈልገው ሦስቱ ንጣፍ ወደ ሁለት ይወርዳል። ካለቀ ነጠላ የተረፈ ጥለት፣ ማለትም የጠርዙ ባለቀለም ጌጥ፣ በጥቁሩ ሱፍ ላይ በቀጭኑ ቢለጠፍ በበጉ ያልተሰጠውን ቀይና ቢጫ ያመጣል። የስፌቱ ክር ከሱፉ ቀለም ጋር እንዲመሳሰል የሚመክር አዋቂ አይጠፋም፤ ምክሩን ሰምቶ ተቃራኒውን ማድረግ ይበጃል።

የሚቸግረው መቀሱ የሚያርፍበትን ባና ማግኘት ነው። ባና ሲያረጅ አይጣልም፤ ከላይ መልበሻነቱ ሲያበቃ መደብ ላይ ይነጠፋል፣ ከመደብ ሲነሣ ከጭነት ሥር ሆኖ የአህያ ጀርባ ከመላጥ ያድናል። ገበያ ደርሶ በሚመለሰው አህያ ላይ የቀረውን ቁራጭ አይቶ ለግድግዳ የሚመኝ ሰው፣ መጀመሪያ ከባለ አህያው ጋር በዋጋ መስማማት አለበት።