የሞረድ ጠባሳ

ፒያሳ የነበረችው ሻይ ቤት ዛሬ ከነሰፈሯ ፈርሳለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የድሮ ገንዘብ የምንሰበስብ ስድስት ሰባት ሰዎች ከጓሮ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ከበን እንቀመጥ ነበር። አንዱ ከቤቱ ያመጣውን ሳንቲም ጨርቅ ላይ ያስቀምጣል። እኛ ጠርዙን ብቻ ይዘን በአጉሊ መነጽር እናገላብጥና ሶፍት ቁራጭ ላይ ሁለት ነገር እንጽፋለን፤ «እውነተኛ» ወይም «አስመሳይ»፣ ከጎኑ ደግሞ ከ1 እስከ 70 አንድ ቁጥር። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ፍርዳቸውን ይናገራሉ። ከሳቸው ቁጥር በጣም የራቀ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል።

ቁጥሩ የኛ ፈጠራ አልነበረም። ዊሊያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. የአገሩን የመዳብ ሳንቲሞች ለመተመን ያወጣው ሚዛን ነው። 1 ማለት ምን እንደነበረ ብቻ የሚለይ ልሙጥ ነው፤ 70 ማለት ከማተሚያው እንደወጣ፣ ጭረት ያልነካው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በዚህ ቁጥር መዝነው ሳንቲሙን ፕላስቲክ ውስጥ የሚያሽጉ ድርጅቶች አሜሪካ ውስጥ ተቋቁመው፣ በአንዲት ቁጥር ልዩነት ሰው ቤት የሚሸጥበት ዘመን መጥቷል። እኛ ግን ለሻይ ነበር የምንጫወተው።

እኔ ሻይ ከፍዬ አላውቅም ማለት ይቻላል። አንድ ቅዳሜ አንዱ ወዳጃችን የምኒልክን ብር፣ ባለ 1887ቱን፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ይዞ መጣ። ሁሉም ከ60 በላይ ጻፉ። እኔ «አስመሳይ» አልኩ። ፊደሎቹ ጫፋቸው እንደ ቀለጠ ቅቤ ደብዝዟል፤ ከንጉሡ ጉንጭ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጠርዙን ዙሪያውን የሚከተል ስስ መስመር ይታያል። በቅርጽ የፈሰሰ ነው ማለት ነው እንጂ በማተሚያ አልተመታም። ደግሞ ፯ ቁጥሯ! ግእዝ የማያነብ ሰው ሥዕል አድርጎ ነበር የገለበጣት። ጋሼ ሶፍቴን አንስተው «ይኼ ልጅ ማን አስተማረው?» አሉ። ደረቴ ተነፋ፤ ዓመታት ከሰው የደበቅኳትን የራሴን ብር ከኪሴ አውጥቼ ጨርቁ ላይ ያስቀመጥኩት በዚያ ኩራት ነው።

ጋሼ አነሷት። ፊቷን አዩ፤ ጀርባዋን አዩ፤ ጠርዟን ሲያዞሩ እጃቸው ቆመ። መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ።

«ታጥባለች» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ተሞርዳለችም። ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

«ከገበያ ነው የገዛኋት» አልኩ።

ማንም ቁጥር አልጻፈም። የታጠበ ሳንቲም ቁጥር የለውም፤ እነዚያ ድርጅቶችም ቢሆኑ «ጸድቷል» ብለው ማስታወሻ ይጽፉበታል እንጂ ከ70 ስንት እንደሆነ አይነግሩህም። ያን ቀን የሁሉንም ሻይ እኔ ከፈልኩ። ማንም አላዘዘኝም።

ያቺ ብር የአያቴ ነበረች። ሐብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ በጨርቅ ተቋጥራ ዘመኗን ያሳለፈች ብር ናት። መጀመሪያ አብረዋት ብዙ ጠገራዎች ነበሩ አሉ፤ ማርትሬዛዎች። በ1966ቱ ድርቅ ጥቂቱ ሄደ፤ በሰባ ሰባት የቀረው በሙሉ እህል ሆነ። የምኒልኳን አያቴ አልሸጠቻትም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ሰው ስንት ነገር ሳይጠይቅ ያድጋል!

ምን እንደነበረች የገባኝ አዲስ አበባ ገብቼ መጽሐፍ ማገላበጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ታሪኳ ከደጃችን የሚጀምር መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ ውጫሌ አለች፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ውሉ የተፈረመባት ውጫሌ። ስለ 17ኛው አንቀጽ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። በመስከረም 1882 ደጃዝማች መኮንን ኔፕልስ ላይ ስለፈረሙት ተጨማሪ ውል ግን የነገረን አልነበረም። እዚያ ውስጥ የገንዘብ አንቀጽ አለ፤ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የራሳቸውን ገንዘብ ማሳተም ይችላሉ፣ የሚታተመው ግን በጣሊያን ንጉሥ ማተሚያ ቤት ነው የሚል። ጣሊያኖች በንጉሣቸው በኡምቤርቶ መልክ ለኤርትራ ያሳተሙትን ብር ሕዝቡ ፊት ነሳው። ምኒልክም ብራቸውን ፓሪስ አሳተሙ። በላይዋ የተጻፈው ዓመት 1887 ነው፤ ዓድዋ የካቲት 1888። እንግዲህ የአያቴ ቋጠሮ ውስጥ የነበረችው ጣሊያን ሊያትምላቸው የፈለገውን ምኒልክ ሌላ አገር ያሳተሙት፣ ከጦርነቱ በፊት ባለው ዓመት የተመታው ብር ነበር። አንበሳው ግራ የፊት እግሩን ያነሳበት የመጀመሪያው ዓይነት፤ በኋላ በወጡት ላይ ያነሳው ቀኙን ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ እዘረዝረዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ማወቅ የምችልበት ጊዜ ግን ነበረኝ፤ ቁጭቱ እዚህ ላይ ነው። መርሳ ላይ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ በጉልበታቸው ዘመን ባቲ ሰኞ ገበያ እየወረዱ ብር የነገዱ። ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ማርትሬዛን በጣታቸው ጫፍ ሚዛን ያስይዙና በሌላ ብር ጠርዟን ነካ ያደርጓታል። ጥሩ ብር ድምፁ ረዝሞ፣ ቀጥኖ ይሄዳል፤ እርሳስ ያለበት ወዲያው ይሞታል። ዓይናቸው እየደከመ ነበር፤ ጆሯቸው ግን አልተሳሳተም።

«1780 የሚለውን አትመን» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። መልኳ ማርትሬዛ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ዓመቱ ብሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ በኋላ ቪየና ብቻ አይደለም፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሁሉም ያንኑ 1780 እየጻፈ አትሟል። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያስመታው ከነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዓመት አያነቡም፤ የዘውዷንና የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣቦች በጥፍራቸው ይቆጥራሉ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ፊደሎች ጎልተው መቆማቸውን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ከዚያ ያዳምጣሉ። ሐጂ ስለ ክቧ ስሙኒም አጫውተውኛል፤ መጠኗ ከሽልንግ ጋር ስለተቀራረበ ሰው እየተምታታበት መንግሥት ከገበያ ሰብስቧት፣ ጠርዟ እንደ አበባ ተከርክሞ ስለተመለሰችው። እየሳቁ ነበር የሚነግሩኝ።

አንድ ቀን፣ «አንተ ልጄ፣ ጆሮህ ጥሩ ነው። ክረምቱን እዚህ ተቀመጥ፣ ላስተምርህ» አሉኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከሽማግሌ ጋር ብር ሲያንኳኩ መዋል? «እሺ አባባ፣ እመጣለሁ» አልኩ። አልሄድኩም።

አያቴ ብሯን የሰጠችኝ በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ልሄድ ስለነበር «ለክፉ ቀን» ብላ ቋጠሮውን ፈታችልኝ። ብሯ ጥቁር ነበረች። ዛሬ ያ ጥቁረት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጭሱና አየሩ ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን ዓመት በዓመት ሲነካው የተፈጠረ ስስ ልብስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን፣ ማተሚያው የተወውን ገጽ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለዚያ ልብስ ነው። ያኔ ግን የታየኝ መዳብ ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ «ብር ቢሆን ይጠቁራል? ውጪው የተቀባ ይሆናል» አለኝ። ሰው እንዳያታልለኝ ፈራሁ። የሚያታልለኝ ሰው አልነበረም፤ የሰጠችኝ አያቴ ናት።

አያቴ ገበያ በሄደችበት ከሰዓት የማጭድ መሞረጃውን አወረድኩና ጠርዙን ሞረድኩት። ከሥሩ መዳብ ካለ ይታይ ብዬ። የግእዝ ጽሑፍ ያለበት ጠርዝ መሆኑን እንኳ አላስተዋልኩም። ነጭ ወጣ። በቃኝ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ጠልቆ ቢሆንስ ብዬ እንደገና ሞረድኩ። ነጭ። አንድ ጊዜ ጠርዟን በሐጂ ጣት ላይ ብትነካ አምስት ቅጽበት የማይፈጅ ነገር ነበር። ከዚያ፣ እውነተኛ መሆኗ ደስ ብሎኝ፣ ማስዋብ አማረኝ። ሎሚ ቆረጥኩ፣ አመድ ነሰነስኩ፣ በጨርቅ ይዤ አሸሁ። አመድ ከብር ይጠነክራል፤ እያንዳንዱ እሽታ በሺህ የሚቆጠር ጭረት ነው። የምኒልክ ጢም ጠፍጠፍ እያለ፣ የአንበሳው ጋማ እየለሰለሰ ሲሄድ እኔ ንጣቱን እያየሁ እደሰት ነበር። ፀሐይ ላይ ስይዛት ዓይን ትወጋ ነበር።

በማግሥቱ ወልድያ ወስጄ ለአንድ ብር ሠሪ አሳየሁት። ሚዛን ላይ ጣላት፤ 28 ግራም ገደማ። የግራሙን ሒሳብ ነገረኝና «ጥሩ ቀለበት ይወጣታል» አለ። አልሸጥኩም። ያልሸጥኩት አውቄ እንዳይመስላችሁ፤ ዋጋው አንሶብኝ ነው።

ከወልድያ ስመለስ አያቴ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ደስ ይላታል ብዬ፣ እንደ አዲስ የምታበራውን ብር መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ወደ ብርሃኑ ዞረች። አገላበጠቻት። በአውራ ጣቷ ጠርዟን ስትዳብስ የሞረድኩት ቦታ ላይ ቆመች። ምንም አልተቆጣችም። ቀስ ብላ መለሰችልኝ።

«ይቺ የኔ አይደለችም» አለች። «ወልድያ ለውጠውብሃል፣ ልጄ።»

ማልኩላት። በእናቴ ማልኩላት። ሐጂ ጋ ወስጄ በድምጿ እንዲመሰክሩልኝ ማድረግ እችል ነበር፤ ድምጿ አልተነካም። ግን ያን ጠርዝ ለሳቸው ማሳየት አፈርኩ። በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለዓመት በዓል ብቅ ስል ሐጂ አልነበሩም፤ አያቴ ግን ነበረች፤ ቡናውን ቀድታ ስትሰጠኝ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚጠየቅ በትሕትና፣

«የኔዋን አላገኘሃትም?» አለችኝ።