ፀሐይን በጀርባ ማየት

ፀሐይ ለሰው ሁሉ ትታያለች፤ ፊቷን ግን አይቶ የጠገበ የለም። ጨረቃን ሕፃን እንኳ በጣቱ ያመለክታታል፤ የፀሐይን ፊት ግን ኃያልም ቢሆን ዓይኑን ሳይከድን ሊመለከት አይችልም። ስለዚህ የሰው ልጅ እጅግ ረዥም ዘመን በብርሃኗ ሥር እየኖረ በላይዋ የሚሆነውን ሳያውቅ ቆየ። በላይዋ ግን ዕረፍት የለም። ጥቍር ነጥብ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ ይጠፋል፤ የጋለ ጋዝ እንደ ፍል ውኃ ይወረወራል፤ አንዳንድ ጊዜም ከምድራችን እጅግ የሚበልጥ ደመና ከእርሷ ተለይቶ ወደ ጠፈር ይሄዳል።

ይህን ነገር በየቀኑ የሚከታተሉ አንድ ሽማግሌ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በሬድዮ ጥገና ነው። ዕጣ ደርሷቸው ከመኻል ከተማ ወደዚያ በተዛወሩ ጊዜ ብዙ ነገር ጎደለባቸው። ደንበኛ ራቀ፣ ሱቁ ቀረ፣ ውኃውም በጄሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚወጣ ሆነ። ነገር ግን አንድ ሀብት አገኙ፤ እርሱም ሰማይ ነው። በበራቸው ፊት ያለው መተላለፊያ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ ከየረር ተራራ በላይ ብቅ ካለችበት ሰዓት ጀምሮ የሚጋርዳት የለም።

ወደ ፀሐይ የመራቸው ሙያቸው ነው። በሱቃቸው ሳሉ አንዳንድ ቀን፣ ፀሐይ ሽቅብ ሳለች፣ በአጭር ሞገድ የሚሰማው ሬድዮ ሁሉ በድንገት ዝም ይል ነበር። ባለቤቱ ተበላሸ ብሎ ያመጣዋል፤ እርሳቸው ከፍተው ቢመረምሩት አንዳች ጉድለት አያገኙበትም፤ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ሬድዮው በራሱ ይናገራል። ምክንያቱን በኋላ ከመጽሐፍ አገኙት። የአጭር ሞገድ ድምፅ ከሩቅ አገር የሚደርሰን ከምድር በላይ ካለው፣ አዮኖስፌር ከሚባለው ንጣፍ እየነጠረ ነው። በፀሐይ ላይ ታላቅ ፍንዳታ ሲሆን ከእርሱ የወጣው ኤክስ ሬይ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ምድር ይደርሳል፤ የንጣፉንም የታችኛውን ክፍል ስለሚያደነድነው ሞገዱ ሳይነጥር በዚያው ተውጦ ይቀራል። ይህም የሚሆነው ቀን በሆነበት የምድር ክፍል ብቻ ነው። እንግዲህ የታመመው ሬድዮው አልነበረም።

መሣሪያቸው ቀላል ነው። አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር አላቸው፤ አንዱን ዓይኑን በክዳን ዘግተው በእንጨት ላይ አስረውታል። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ብርሃኑም በመነጽሩ አልፎ አንድ ሜትር ያህል ርቆ በተዘረጋ ነጭ ወረቀት ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ፀሐይ እንደ ቡና ሲኒ ማስቀመጫ ክብ ሆና ትታያለች፤ ነጥቦቿንም በእርሳስ እየነኩ ይሥላሉ። በመነጽሩ በኩል ግን ማንም ዓይኑን እንዲያስጠጋ አይፈቅዱም፤ ለአንድ አፍታም ቢሆን።

ነጥቡ በእውነቱ ጥቍር አይደለም። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ዲግሪ ያህል ሲሆን የነጥቡ ከ4,000 ዲግሪ በታች ስለ ሆነ፣ ከጎረቤቱ አንጻር ጨለማ ይመስላል። በዚያ ስፍራ እጅግ ጠንካራ የማግኔት ኃይል አለ፤ ከታች የሚወጣውንም ሙቀት ያግደዋል። የማግኔቱን ኃይል መኖር በ1908 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ያረጋገጠው አሜሪካዊው ጆርጅ ሄል ነው። ተቃራኒ የሆኑ የማግኔት መስመሮች በተገናኙ ጊዜ ይበጠሱና እንደ ገና በሌላ መልክ ይቀጠላሉ፤ ታምቆ የነበረውም ኃይል በቅጽበት ይፈታል። መስመሩ ወደ ጠፈር የተከፈተ እንደ ሆነ፣ ጋዙ ቀጥ ብሎ በቀጭኑ ይወረወራል፤ ሊቃውንት ጄት የሚሉት ይህን ነው። በሰከንድ በመቶዎች የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ዕድሜው ግን የደቂቃዎች ነው።

የሽማግሌው ወረቀት ጄቱን አያሳይም፤ የፀሐይ ፊት ብርሃን ይውጠዋልና። በ1868 ፈረንሳዊው ዣንሰንና እንግሊዛዊው ሎክየር የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን ለይተው፣ ግርዶሽ ሳይኖር የፀሐይን ነበልባል ለማየት በቁ። ከ1991 ጀምሮ የጃፓን ዮኮህ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ኤስዲኦ የተባሉት ሳተላይቶች ጄቶቹን ከጠፈር ሆነው ፎቶግራፍ አነሡ። የጎረቤት ልጆች ሥዕሉን በስልክ ያመጡላቸዋል፤ እርሳቸውም ከወረቀታቸው ጋር ያስተያዩታል። ወረቀቱ እሳቱ የሚነሣበትን ምድጃ፣ ስልኩ እሳቱን ያሳያል።

በዚያው ፎቅ አንዲት እናት ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ልጅ ጋር ትኖራለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ሲታይ፣ በአዲስ አበባም ፀሐይ በከፊል ተሸፍና ነበር። በዚያ ቀን ወንዱ ልጅ፣ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ዓይኑን ሳይሸፍን አተኵሮ ተመለከተ። ሕመም አልተሰማውም፤ የዓይን ውስጠኛው መጋረጃ ቢቃጠልም ሕመም አያሰማምና። በማግሥቱ ግን በቀኝ ዓይኑ መካከል ጥላ ተቀመጠ፤ አልተነሣምም። በዚያ ዓይን የሰውን ጠርዝ ያያል፤ ፊቱን አያይም።

እንግዲህ ታናሽ እኅቱ ከሽማግሌው ዘንድ ልሂድ ባለች ጊዜ እናቲቱ ተቈጣች። በራቸውም ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ የአንዱን ዓይን ፀሐይ በላችው፤ እርስዎ ደግሞ የሁለተኛዋን ሊያስበሉብኝ ነው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። «ልጄ፣ እኔ የማሳየው ወረቀት ነው። አስቀድመሽ አንቺ ራስሽ ነይና እዪ፤ ካልወደድሽው ልጆቹን አላስጠጋም» አሏት።

እናቲቱም መጣች። ብርሃኑ በሚያልፍበት መንገድ እጅዋን አስገባች፤ ጥላው በወረቀቱ ላይ ሲወድቅ ተመለከተች፤ ማንም ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ እንዳልመለሰ አየች። አንድ ሳምንት ሙሉ ማለዳ እየመጣች ከተመለከተች በኋላ ሁለቱንም ልጆች ላከች። ከሁለቱም የበረታው ወንዱ ሆነ። ግራ ዓይኑ ደኅና ስለ ነበር፣ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ነጥቡን እየለካ መሣል ሥራው አደረገ።

የ2016 ዓ.ም. ግንቦት በባተ ጊዜ ልጁ የሣለው ነጥብ ከቀድሞው ሁሉ የበለጠ ነበር። የፀሐይ ስፋት በወረቀቱ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ምድራችን በዚያ ልክ አንድ ሚሊ ሜትር አትሞላም፤ የእርሳስ ጫፍ ናት። ነጥቡ ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ነበር። ሊቃውንት 13664 የሚል ቍጥር የሰጡት ስፍራ ነው፤ ስፋቱም የመሬት አሥራ አምስት እጥፍ ያህል ነበር። ግንቦት 2 ቀን ዓርብ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ሽማግሌው የከፈቱት ሬድዮ ከፉጨት ወደ ዝምታ ወረደ። እናቲቱ በመተላለፊያው ልብስ ታሰጣ ነበርና ጠሯት፤ «ስሚ፣ ልጅሽ የሣለው ነጥብ ተናገረ» አሏት። እርስዋም እጅዋን በቀሚስዋ ጠርጋ ወረቀቱንና ሬድዮውን ተራ በተራ ተመለከተች።

በዚያ ሌሊት ካለፉት ቀናት ፍንዳታዎች የተነሡት ደመናዎች ምድር ደረሱ። ከ2003 ወዲህ ያልታየ ብርቱ የማግኔት ማዕበል ሆነ፤ በሜክሲኮ ሳይቀር ሰማዩ ቀላ። በኢትዮጵያ ግን ቀለሙ አይታይም። አገራችን የምድር ማግኔት መስመር አግድም በሚተኛበት በመካከለኛው መቀነት ላይ ስላለች፣ ብርሃኑን የሚፈጥሩት ጥቃቅን አካላት በመስመሩ ተመርተው ወደ ዋልታዎች ይሄዳሉ። ይልቁንም ከራሳችን በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። በ1957 እና በ1958 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ የማግኔት መመዝገቢያ ያቋቋሙት ስፍራው ለዚህ ጅረት ቅርብ ስለ ሆነ ነው። ፀሐይ ስትቈጣ ጅረቱ ይለዋወጣል፤ መርፌውም ይናወጣል።

አንባቢ ሆይ፣ የመርፌው ነገር ታላቅ ታሪክ አለው። በ1859፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በኢትዮጵያ ነግሠው ሳሉ፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን የፀሐይን ነጥቦች በሰሌዳ ላይ ሲሥል ሁለት ነጫጭ ብርሃናት በድንገት ሲበሩ አየ። ከአሥራ ስምንት ሰዓት ገደማ በኋላ ማዕበሉ ምድር ደረሰ፤ በብዙ አገር ቴሌግራፍ ተቋረጠ። እርሱም ያየው ልክ እንደ ገላኑ ሽማግሌ፣ የፀሐይን መልክ በመነጽር አሳልፎ፣ በሌላ ነገር ላይ አውርዶ ነው። አተኵሮ ያየ ዓይኑን አጣ፤ ዘወር ብሎ የተመለከተ ዕውቀትን አገኘ።

በዚያ ማታ ልጁ ስለ ሬድዮው በሰማ ጊዜ አዘነ፤ «እኔ ሳልኖር ሆነ» አለ። ሽማግሌውም ፀሐይ ወደኛ በምታሳየው ፊት በ27 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ እንደምትዞር አስረዱት። ነጥቡ ከጥቂት ቀን በኋላ በምዕራብ ጠርዝ ተሰወረ። ልጁ በመዝገቡ ላይ ባዶ ገጾችን ቈጠረ፤ ቀኑን ጻፈባቸው፤ በየማለዳውም የምሥራቁን ጠርዝ ይመረምር ጀመር። በዚያው በግንቦት ወር ያ ስፍራ ከወዲያኛው ገጽ ዞሮ፣ አንሶ፣ ሌላ ቍጥር ተሰጥቶት ተመለሰ። ልጁ በግራ ዓይኑ አይቶት እናቱን ጠራ፤ እርስዋም ከወረቀቱ አጠገብ ቆማ እርሳሱን አቀበለችው።