ከልጄ ጋር ወደ ዳሎል

ብዙዎቻችሁ በበጋው ወራት ለኮንፈረንስም ሆነ ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ትወርዳላችሁ። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ማንም ለዕረፍት ስለማይወርድበት ስፍራ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በአፋር ምድር ስለሚገኘው ስለ ዳሎል።

የሄድኩት በጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ያስወረደኝ የመጀመሪያ ልጄ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ማጥናት ከጀመረ ወዲህ ማዕድ ላይ ስንቀመጥ “ሚሊዮን ዓመት” የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም። አባቱ መጋቢ ስለሆነ አንዳንድ ወገኖች በሹክሹክታ “ልጁን ጠብቁት” ይሉን ጀመር። እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩትን ይዤ እሞግተዋለሁ፤ ሙግታችን የሚቆመው ምድጃው ላይ የጣድኩት ሲያር ብቻ ነበር። አንድ ማታ “እማዬ፣ ከእኔ ጋር መከራከሩን ተዪና ድንጋዩን ራሱን መጥተሽ እዪው” አለኝ። ባለቤቴ ሳቀና “ሂጂ” አለኝ።

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በበራህሌ በኩል ቁልቁል መውረድ ጆሮን ይደፍናል። ገና ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ልጄ መኪናውን አስቆመና ከመንገዱ ዳር አንድ የኖራ ድንጋይ አንሥቶ አቀበለኝ። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎል ተጣብቋል። “መቀሌ ላይ ባሕር ነበር፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት” አለኝ። “የኖኅ ውኃ ነዋ!” አልኩት። በዚህ ነገር በአማኞች መካከል ልዩ ልዩ አቋም እንዳለ አውቃለሁ። ያን ቀን እኔም አልተረታሁ፣ እሱም አልተረታ፤ ዛጎሉ ግን ዛሬም መስኮታችን ላይ አለ።

ሌሊቱን ሐመድ ኤላ በምትባለው መንደር፣ ከእንጨትና ከገመድ በተሠራ አልጋ ላይ፣ ሜዳ ላይ አደርን። ጣሪያችን ሰማይ ነበር። “ምድር እዚህ ላይ ለምን ትጎደጉዳለች?” ብዬ ብጠይቀው “ድፎ ዳቦ ስትጋግሪ ከሥር ሲነፋ ላዩ አይሰነጠቅም?” አለኝ። የአፋር ምድር የሦስት ታላላቅ የምድር ቅርፊቶች መገናኛ ናት፤ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ። ሦስቱም በየአቅጣጫቸው ቀስ እያሉ ይለያያሉ፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ መካከሉም ይሰምጣል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው የጣት ጥፍር በሚያድግበት ዝግታ ገደማ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ግን ከዳሎል በስተደቡብ ዳባሁ በተባለው ስፍራ የቀለጠ ዐለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። ልጄ ያኔ ሕፃን ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ከጀርባዬ በታች ምን እንዳለ አውቄ እንዴት ልተኛ!

ጠዋት የጨው ሜዳው ላይ ደረስን። ነጭነቱ ዓይን ያጭበረብራል። ጨው ቆራጮቹ በመጥረቢያ እየፈለጡ፣ አሞሌውን ጠርበው በግመል ይጭናሉ። አያቶቻችን ገንዘብ አድርገው የተገበያዩበት ያው አሞሌ ነው። በዘመናት ውስጥ የቀይ ባሕር ውኃ ወደዚህ ጎድጓዳ እየገባ፣ እየተዘጋበት፣ በፀሐይ እየደረቀ የተረፈው ጨው በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጨዉ መካከል ለማዳበሪያ የሚሆነው ፖታሽ ይገኛል። ጣሊያኖች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እሱን ፈልገው ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደዚህ አቅጣጫ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ዛሬ የሚታየው ከጨው ጡብ የተሠሩ፣ ጣሪያ የሌላቸው ቤቶችና የዛገ ብረት ነው። ኢዮብ 28 ላይ ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች የተጻፈውን በፍርስራሹ መካከል ቆሜ አነበብኩት። እናንተም በቤታችሁ አንብቡት።

ዳሎል ራሱ ከጨዉ ሜዳ ብቅ ያለ ዝቅተኛ ኮረብታ ነው። እዚያ ስትወጡ የምታዩትን ቀለም በቃል መንገር አልችልም፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ደም የመሰለ ቀይ። ሽታው የድኝ ነው። ውኃው ከምድር ሲወጣ ሙቀቱ 108 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አሲድነቱም ከሎሚ ጭማቂ ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው በውኃው ውስጥ ያለው ብረት ነው፤ አየር ባገኘው ቁጥር ከአረንጓዴ ወደ ቀይና ቡናማ ይዝጋል። አፋሩ መሪያችን “እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጪ” አለኝ፤ ቅርፊቱ ስስ ነውና። የጫማዬ ሶል ግን እንዲያም ሆኖ ተላጠ።

ሳይንቲስቶች ወደዚህ የሚመላለሱት ለማርስ ሲሉም ነው። በጥንቱ ማርስ ላይ እሳተ ገሞራ፣ ጨዋማና አሲዳም ውኃ እንደነበረ የሚያሳዩ ማዕድናት ተገኝተዋል። ስለዚህ በዳሎል ሕይወት ካለ፣ እዚያም ሊፈለግ የሚገባው እንዴት እንደሆነ ይማሩበታል።

ከተመለስን በኋላ፣ በግንቦት ወር፣ ፌሊፔ ጎሜዝ የተባሉ ስፔናዊ ተመራማሪ ቡድን በዳሎል እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት ማግኘቱን አሳተመ። ልጄ ነገረኝ። እኔም ደስ ብሎኝ በእህቶች ኅብረት ላይ ቆሜ፣ የጌታ ሕይወት የማይገባበት ስፍራ በምድር ላይ የለም፣ ዳሎል እንኳ ምስክር ነው ብዬ አስተማርኩ። ሃሌሉያው ደመቀ። ትምህርቱም በካሴት ተባዝቶ ለሌሎች አጥቢያዎች ተላከ።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ልጄ ሌላ ጽሑፍ ይዞ መጣ። ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የተባሉ ተመራማሪ ያሉበት ቡድን ለሦስት ዓመታት ናሙና ሲወስድ ቆይቶ፣ እጅግ ጨዋማና አሲዳም በሆኑት የዳሎል ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ ደቃቅ ነፍሳት አሉ፤ በኩሬዎቹ ውስጥ ግን፣ ውኃ እያለ፣ የለም። በአጉሊ መነጽር ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ሊያሳስቱ እንደሚችሉም ጨመሩ። ለካ እኔ አንድ ጥናት ይዤ እንደ ተቆረጠ ነገር አውጄ ነበር።

አንዲት እህት “ማን ያውቅብሻል? ተይው” አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልተወው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ልጄ ፊቴን እያየ ነበር። “ቤተ ክርስቲያን ያሰበችውን እንጂ ያለውን አታይም” ሲል የኖረ ልጅ ነው።

ሕዝቅኤል 47ን ሰበብ ፍለጋ ከፈትኩ። ከመቅደሱ የሚወጣው ወንዝ የገባበትን ባሕር ሁሉ ሲፈውስ፣ ረግረጉና እቋሪው ግን ሳይፈወሱ ለጨው እንደሚቀሩ ተጽፏል። ያን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አስተማርኩት! በዚያ ቁጥር ላይ ግን ሁልጊዜ ዘልዬ አልፍ ነበር።

በኅዳር እህቶቼ ፊት ቆሜ “በሰኔ የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም” አልኩ። ጽሑፉንም፣ ቁጥሩንም አነበብኩላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አረጋዊት እናት፣ አባታቸው ከገበያ አሞሌ ያመጣላቸው የነበሩ፣ “ታዲያ ሁሉ ጣፋጭ ውኃ ከሆነ ወጡን በምን ልናጣፍጠው ኖሯል?” አሉ። ሳቅ ሆነ። ልጄ ከኋላ በር አጠገብ ቆሞ ሲስቅ አየሁት።

አሁን እሱ በሙያው ተሰማርቷል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም አልፎ ሕንድ ደረሰ። ያን ቀን ደወለልኝና “እማዬ፣ ድፎው ተሰነጠቀ” አለኝ። በሚሊዮን ዓመቱ ዛሬም አልተስማማንም። ነገር ግን ግጦሻቸው በአመድ ስለተሸፈነባቸው የአፋር አርብቶ አደሮች እዚያው በስልክ አብረን ጸለይን፤ ጸሎቱን የጀመረው እሱ ነበር።